ላንድሮቨሯን ማን ቀባት?

የሰደቡኝ ሰው ጋሼ አባተ ይባላሉ። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት፣ ቀኑ ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል፣ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰኞ፣ ሰዓቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ቦታው እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ አቲቆት ሰፈር፣ እሳቸው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሰዎች «እስከ ዛሬ እንዴት አልረሳኸውም?» ይሉኛል። ለመርሳት ሞክሬ መች አውቅና!

ሽማግሌ ልኬባቸው ነበር። አጎቴ ፈረደ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። እኔ እንደ ወጉ አልገባሁም። ደረጃው ላይ፣ ሰው ከጣለው ፍራሽ አጠገብ፣ የሸሚዜን ኮሌታ እያስተካከልኩ ቆሜ ጠበቅሁ። ሙቀት ስለነበር በሩን አልዘጉትም። ጋሼ አባተ ደግሞ ሰላም ሲሉም የሚያዝዙ የሚመስል ድምፅ ነው ያላቸው። እንዲህ አሉ፦

«ልጄን ነርስ ትሁን ብዬ ያስተማርኩት ለቆርቆሮ ቀጥቃጭ ልሰጣት ነው?»

ቀጥቃጭ! እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህን ቃል ቢሰማ ምንም አይመስለው። እኛ ከጎንደር የመጣን ቤተ እስራኤሎች ግን እናውቀዋለን። ጎረቤቶቻችን ማረሻቸውን ለአያቶቻችን እየሰጡ ያሠራሉ፣ ዞር ሲሉ ደግሞ በዚህ ስም ይጠሩናል፣ ልጆቻቸውንም ከዓይናችን ይደብቃሉ። እንግዲህ ሰውዬው ያንን ቃል በአውሮፕላን ጭነው አምጥተው፣ እዚህ በወገናቸው ላይ አወረዱት። ደግሞ እኮ ጋሼ አባተ ራሳቸው የቀጥቃጭ ልጅ ናቸው! ከመዶሻው ያመለጡት በመኪና መሪ ነው። የወባ መከላከያ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆነው ላንድሮቨር ይነዱ ነበር። መኪናዋ አቧራዋን አስነስታ ስትመጣ አባታቸውን ሲሰድብ የኖረው ሁሉ ብድግ ብሎ እጅ ይነሳ ነበር አሉ።

አጎቴ ሲወርዱ ዓይኔን ሸሹ። «ና እንሂድ» ብቻ አሉኝ። መንገዱ ላይ ደርሼ ቀና ስል ትዋበች በረንዳው ላይ ቆማለች። የተሰጣ አንሶላ ፊቷን በግማሽ ጋርዶታል፤ ያየሁት አንዱን ዓይኗን ብቻ ነው። ያ ዓይን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ሲነሳኝ ኖረ።

በዓመቱ ሬሖቮት ከተማ ያለ መሐንዲስ አገባች። የሰርጉ ጥሪ አልደረሰኝም። እሱንም ይዤዋለሁ።

*

አሁን የራሴ ጋራዥ አለኝ፤ እዚህ ሙሳኽ ነው የሚሉት። በኢንዱስትሪው ሰፈር ጥግ ላይ የተጋጨ ማዝዳ አቀናለሁ፣ የተጨፈለቀ ሂዩንዳይ እቀባለሁ። የኛ ሰው ባትላሜራ ይለኛል፣ ሌላው በዕብራይስጥ ፓኻሕ ይለኛል። ለሁለቱም አቤት እላለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ፔሳኽ፣ የፋሲካችን በዓል፣ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ላንድሮቨር እያስነጠሰች መጥታ በሬ ላይ ቆመች። ድሮ አረንጓዴ ነበረች፤ አሁን ቀለሟ የደረቀ ቅጠል መስሏል። በጎኗ የተጻፈው የአንድ ኪቡጽ፣ የእርሻ ማኅበር፣ ስም በፀሐይ ብዛት ተልጦ ፊደሉ እዚህም እዚያም ብቻ ቀርቷል። ጭቃ መከላከያዋ ጎድጉዷል፣ የበሯ ጥግ ታጥፏል። ገና ሳያት አወቅኋት። አሽቀሎን ውስጥ ከኛ ሰው ላንድሮቨር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

በሩ ሲከፈት ግን የወረደችው ትዋበች ሆነች።

የክሊኒክ ልብሷን አልቀየረችም። ጸጉሯ ጆሮዋ አጠገብ ሸበት ብሏል። ዓይኖቿ ሁለቱም በቦታቸው አሉ፤ ሁለቱንም ደግሞ በኔ ላይ ነው የጣለቻቸው።

«ጤና ይስጥልኝ ጀምበሩ።»

«አብሮ ይስጥልን።»

«አወቅኸኝ?»

«ማን ልበል?» አልኳት፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ።

ሳቀች። «ዛሬም ያው ነህ! ተቀይመህ አትጠግብም።»

ምን ልበላችሁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሴን ያየ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

መሐንዲሱን ከፈታችው ቆይታለች። ሺር የምትባል ልጅ አለቻት፣ ወታደር ቤት ናት፤ ሁለቱ ሺምሾን ሰፈር ነው የሚኖሩት። ይህን ሁሉ ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ እኔም የማላውቀው መስዬ ሰማሁ። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«አባባ ዓይናቸው ደክሞ መንጃ ፈቃዳቸው አልታደሰም። መኪናዋ ልትሸጥ ነው። ይሁዳ ገዢ አግኝቷል።»

«ይቺን? ለቁራሊዮ?»

«ምን ቁራሊዮ ትላለህ! አሁን እኮ መኪና አይደለችም፤ ሬኸቭ አስፋኑት ናት። ሠላሳ ዓመት ያለፈውን መኪና ሰብሳቢዎች ናቸው የሚሻሙት። ስንት እንደተባለ ገምት።»

«ሠላሳ ሺህ።»

«መቶ አስር።»

«ሸቅል?»

«ብር መሰለህ እንዴ?»

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ጋሼ አባተ ኪቡጹ ውስጥ ብርቱካን ሲያሽጉ በነበሩበት ጊዜ፣ ላንድሮቨሯ ከሥራ ስትወጣ፣ በአንድ ፍሪጅ ዋጋ ነው የገዟት። ያኔ ሰው ሁሉ ስቆባቸዋል፤ ቤተሰቡ በአውቶቡስ ሲንከራተት ሽማግሌው ብረት ይገዛሉ ብሎ። እሳቸው ግን የገዙት ያንን ብድግ ብሎ እጅ ይነሳ የነበረውን ሰው ነው። ይህ የገባኝ በኋላ ነው።

«እኔም አርጅቻለሁ» አልኳት። «የሚሻማብኝ ግን አላየሁም።»

«ማን ይደፍርሃል? ዋጋህን አታስነካ!» አለችና ቁልፉን ስትሰጠኝ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ብሬኳንና መብራቷን ለዓመታዊ ቴስቷ አዘጋጅልን። ሌላ ምንም እንዳትነካ ብሏል ይሁዳ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እንዲህ በዪው አለኝ።»

ይሁዳ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ባንክ፣ ብድር ክፍል ይሠራል። ሙሳኹን ስከፍት ብድር ልጠይቀው ሄጄ በጣቱ ጫፍ ጨብጦኝ፣ ወዲያው እጁን በወረቀት መሐረብ ሲጠርግ በመስታወቱ አይቼዋለሁ። ስለዚህ «ምንም እንዳትነካ» ሲባል እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። እጅህ አያምረኝም ማለቱ ነው አልኩ።

«ገንዘቡ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

ፊቷ ተለወጠ። «ለአባባ ነው። ጋዙን ለኩሰው ረስተው ወጥተው ጎረቤት ነው ያጠፋው። ይሁዳ ‹ቤት አቮት› የሚሉት የሽማግሌ ማረፊያ ይግቡ ይላል። ‹አንድ ነገር ብቻ ይድገሙና እፈርማለሁ› ብሏል። ገንዘቡ ከተገኘ ቤታቸው አብሯቸው የሚውል ሰው እንቀጥራለን። ጀምበሩ፣ ከዚያ ቤት ከወጡ ይሞቱብኛል።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ሰለለ። ሽማግሌውን ለመጥላት ስንት ዘመን ደክሜያለሁ፤ በእሷ ድምፅ ውስጥ ሲያልፉ ግን አባት ሆነው ተሰሙኝ።

*

ብሬኩ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። አራት ቀን አደረግሁት።

ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ሙሳኼ ጎን ካለው ሚጉኒት ጥላ ሥር ትቀመጣለች። ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግበት የሲሚንቶ ሳጥን ነው፤ በደህና ቀን ደግሞ ከሱ የተሻለ ጥላ በሰፈሩ የለም። እሷ ስልኳን እየነካካች የላንድሮቨር ዋጋ ታነብልኛለች፣ እኔ መኪናዋ ሥር ተኝቼ አዳምጣለሁ።

«ይቺ ሰባ ሺህ። ይቺኛዋ ዘጠና፣ ጨርቅ ጣራ ናት። ይቺ ደግሞ አርባ አምስት፤ ሰው ነካክቷታል ይላል።»

«ነካክቷታል ማለት?»

«አበላሽቷታል መሰለኝ።»

«አይ የዘንድሮ ፓኻሕ!» አልኩ ከሥር ሆኜ። «ለመሆኑ እነማን ናቸው የሚገዟት?»

«ኪቡጽ ያደጉ ሰዎች ናቸው ይላል ይሁዳ። ልጅ ሆነው አባታቸው ሲነዳት ያዩ። አሁን ሀብታም ሆነው ያንኑ ይፈልጋሉ።»

«አባታቸውን?»

ከመኪናው ሥር ጫማዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ስትጭን አየሁ። «ሰው ያጣውን ነዋ የሚገዛው» አለች፣ ቀስ ብላ። ወጥቼ ፊቷን ማየት ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ።

ዓርብ ዕለት ማሪና ሄድን። ጀልባዎቹ ታስረው ይወዛወዛሉ፣ ሰው አይስክሬሙን ይዞ ይንሸራሸራል። እኔ ከእሷ ጋር መሄዴን ሰው እንዲያይልኝም እንዳያይብኝም እየፈለግሁ ነበር። መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ከሽያጩ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» አልኳት።

«በዚህ ዕድሜያችን? ልጄ ሺር ትስቅብናለች!»

«ትሳቅ። እልካለሁ። በዚያ በር መግባት አለብኝ።»

ወደኔ ዞረች። እንዲህ ስትዞር እንኳን እኔ ጀልባውም ቆሞ የሚያያት ይመስለኛል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ጀምበሩ። አንተ የምትፈልገው እኔን ነው ወይስ አባቴ እሺ እንዲሉህ?»

«ሁለቱንም።»

«አንዱን ብቻ ብልህስ?»

መልሴን ሳትጠብቅ እጄን አንስታ መዳፌን ዘረጋችው፣ በጠባሳዎቹ ላይ ጣቷን አሳለፈች። ነርስ ናት፤ ቁስል አይታ አታልፍም።

«ስንት ዓመት ሙሉ ስታጠራቅም ኖርክ» አለች። «እገሌ እንዲህ አለኝ፣ እገሌ በጣቱ ጨበጠኝ። እኔን የት ልታስቀምጠኝ ነው? ቦታ አለህ?»

«አስለቅቃለሁ።»

«መኪናዋ ትሸጥ፣ የአባባ ነገር ይለቅ፣ ከዚያ እኔው እነግራቸዋለሁ። አንተ ቂምህን ብቻ ትተህ ና። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እሺ ብዬ አላውቅም። ሆዴ ባዶ ቤት መስሎ ቀለለኝ፤ ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሙሳኹን ከፍቼ ዘወር ስል ጋሼ አባተ በሩ ላይ ቆመዋል። ብቻቸውን ናቸው። ከዘራቸውን ይዘዋል፣ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ የኮታቸውን ቁልፍ አንድ ዘለው ነው የቆለፉት።

«አንተ የፈረደ የወንድም ልጅ አይደለህ?»

«ነኝ ጋሼ። ይግቡ። ይቀመጡ።»

«ባትላሜራ ነህ አሉ።»

ባትላሜራ አሉኝ። ያኛውን ቃል አላሉም። እንዲህ ያለውን የማላስተውል መሰላችሁ?

አልተቀመጡም። ላንድሮቨሯን ዞሯት። በኮታቸው እጅጌ መስታወቷን ጠረጉ፣ ጭቃ መከላከያዋ ላይ ያለውን ጉድጓድ በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና፣ «በዚህ መልኳ ነው ከቤቴ የምትወጣው?» አሉ።

«ብሬኳ ደህና ሆኗል።»

«ብሬክ ማን ያያል! ገዢው እኮ ደጄ ድረስ የሚመጣ እንግዳ ነው። ልጅ ስትዳር ታጥባ፣ እንሶስላ ሞቃ፣ አዲስ ለብሳ ነው የምትወጣው። ይቺ ዕድሜዋን ሙሉ አገልግላኝ በቡትቶዋ ልስጣት? ሰው ምን ይለኛል?»

«ይሁዳ ምንም እንዳትነካ ብሏል ጋሼ።»

«መኪናዋ የማን ናት? የኔ ናት የይሁዳ?»

«የርስዎ።»

«እንግዲያው ቀጥቀጥ ቀባ አድርገህ ሙሽራ አስመስልልኝ። ለልጆቹ አትንገር። ሲያዩዋት ይደነቁ።»

በሩ ጋ ደርሰው ወደ አቲቆት የሚሄደው አውቶቡስ የቱ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ሄድ ብለው ተመልሰው ያንኑ ጠየቁኝ። ወስጄ አሳፈርኳቸው። ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆነው ወደ ኋላ አዩኝና፣ «እጅህ ጎበዝ ነው ይሉሃል» አሉ። ይቅርታ አልነበረም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳላምጠው ስመለስበት ዋልኩ።

ሥራ ጀመርኩ። የላንድሮቨር ገላ ቆርቆሮ አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው፤ በኃይል ከመቱት ይለጠጣል፣ ይኮርፋል። በእንጨት መዶሻ፣ ከውስጥ ጨርቅ ደግፌ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው አባበልኳት። ስቱኮ ለቀለቅሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። የኪቡጹ ፊደላት በመጨረሻ ጠፉ። ከዚያ አረንጓዴ ቀለም ረጨሁባት፣ ዝናብ ያገኘው ቅጠል የመሰለ። ሲደርቅ ፊቴን በበሯ ላይ አየሁት። እየሳቅሁ ነበር።

እምላችሁ፣ በዚያ ሥራ ላይ የነካሁት ቂም የለም። ከኖርኩበት ዘመን ሁሉ እጄ ንጹሕ ሆኖ የሠራው ያን ሳምንት ነው። እኔና ጋሼ አባተ ያደግንበት አገር የተከበረ ነገር ለእንግዳ ሲወጣ ይታደሳል። እዚህ ያልታደሰው እንደሚወደድ ማን ነገረን?

ትዋበች ስትደውል «እስከ እሑድ አትምጪ» አልኳት። «ምን ደብቀህ ነው?» አለችና ሳቀች። ሳቋን ስሰማ መንገር አማረኝ። ግን ሽማግሌው እንዲደነቁ ነው ያሉት፤ እኔም እሷ ስትደነቅ ለማየት ቸኩዬ ነበር።

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨሯን ራሴ ነድቼ አቲቆት አደረስኳት። ከሕንፃው በታች፣ ዛፉ ሥር ሁሉም ይጠብቃሉ። ጋሼ አባተ ሙሉ ልብስ ለብሰው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ይሁዳ ቆሞ ስልክ ያያል። ትዋበች ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ገዢው ኖኣም ይባላል፤ ጫማው ነጠላ፣ ጺሙ ሽበት የጀመረው፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው።

ሞተሩን አጠፋሁ። ሁሉም ዓይናቸውን ላንድሮቨሯ ላይ ተከሉ።

ደስታ መስሎኝ ነበር። የጋሼ አባተ ፊት እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበርና። ኖኣም ግን ቀስ ብሎ ተጠጋ። በሩ ላይ፣ ፊደላቱ የነበሩበት ቦታ ላይ፣ መዳፉን አሳረፈ። ሰው ሲሞት ግንባሩን እንደሚነኩት ነበር የነካው።

«ማ አሲተም?» አለ። ምን አደረጋችሁ ማለቱ ነው።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በዕብራይስጥ፣ ቀስ እያለ አስረዳን። የሚፈልገው ቀለሟን ከነልጣጩ፣ ስሙን ከነመደብዘዙ፣ ጉድጓዱን ከነታሪኩ ነበር። እንደዚያ ሆና የቆየች ከስንት አንድ ናት የምትገኘው፤ መቶ አስር ያለው ለዚያ ነው። የታደሰች ላንድሮቨር ግን በየመንደሩ አለች።

«ስልሳ» አለ። «እሱንም ለሽማግሌው ብዬ ነው። ኻቫል። በጣም ያሳዝናል።» ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ እንድንወስን መጠበቁ ነው።

ይሁዳ ወደኔ ዞረ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል።

«ሜቱራፍ ነህ? አብደሃል? ምንም እንዳትነካ አላልኩህም? ማን ንካ አለህ?»

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ይሁዳ ወደ አባቱ ዞረ፦ «አባ! አንተ ታውቅ ነበር?»

ጋሼ አባተ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አንድ ጊዜ መኪናዋን አዩ፣ አንድ ጊዜ ልጃቸውን አዩ።

«እኔ?» አሉ። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ።»

ያ የሚያዝዝ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። የወጣው ጠፍቶ የተገኘ ሕፃን ድምፅ ነው። ፈርተው ይሁን ረስተው አላወቅሁም። ዓይናቸው ውስጥ ፈልጌ ነበር፤ እንባ አቅርሮ አላሳይ አለኝ።

«ተበቀልከን!» ይሁዳ ጮኸ። «ስንት ዓመት ጠብቀህ በአባቴ እርጅና ላይ ተበቀልክ! አሽቀሎን ውስጥ ቂምህን የማያውቅ አለ? ዮዴዓ ማ፣ ታውቃለህ፣ አባቴ ያኔ የሰደቡህ አንሶሃል። ቀጥቃጭ!»

ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ አሉ። እኔ ግን የማየው ትዋበችን ብቻ ነው። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ቀስ ብላ መጣች፣ ከኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመች።

«ጀምበሩ፣ ነግሬህ ነበር እኮ። እንዳትነካ ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ማሪና ላይ እሺ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «እየሰማኸኝ ነው? እኔ አላምንም። ይሁዳ ያለውን ማመን አልፈልግም። ሰው አዝዞህ ነው ወይስ ቂምህ ነው? አንድ ቃል በለኝ። የምትለኝን አምንሃለሁ። ማንንም ሳልጠይቅ አንተን አምንሃለሁ።»

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የምትለኝን አምናለሁ! ከምላሴ ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ እውነት ነው። ሁለት ቃል ነው፦ አባትሽ አዘዙኝ። ያን ብል ይሁዳ አፉን ይይዛል፣ ጎረቤቱ ይሰማል፣ እሷ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች። ሽማግሌውም በሰው ፊት፣ በልጆቻቸው ፊት፣ በእንግዳ ፊት የሠሩትን የማያውቁ ሆነው ይቀራሉ። ይሁዳ ነገ ጠዋት ማረፊያ ሊያስገባቸው ይፈርማል። እኔን ያዋረደ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይዋረድ? በቀሌን በትዕዛዝ ባሠራው እንዲህ አይገጥምልኝም ነበር።

ጋሼ አባተን አየኋቸው። ኮታቸው ዛሬም አንድ ቁልፍ ዘሏል። የሚያለብሳቸው ሰው የለም። በከዘራቸው ጫፍ መሬቱን ይጭራሉ፤ ሰው መፈጠሩን ሲጠላ እንደሚያደርገው።

የመኪናዋን ቁልፍ አውጥቼ በትዋበች መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ። ጣቶቿ ጣቶቼን ይዘው አልለቀቁም። ትኩስ ነበሩ።

«በለኝ እንጂ!» አለች።

ፊቷን በደንብ አየሁት፤ ሁለቱንም ዓይኗን፣ ሽበቷን፣ ከአፏ ጎን ያለችውን መስመር። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስለቀቅሁና መንገዴን ጀመርኩ።

ከኋላዬ ይሁዳ በዕብራይስጥ ይሳደባል። አንድ ጎረቤት «ተወው፣ ይሂድ» ይለዋል። የእግረኛውን መንገድ ጨርሼ ልታጠፍ ስል ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከባድ ሰው ተደግፎት ሲነሳ።

«ጀምበሩ!» አሉ ጋሼ አባተ።

ስሜን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አውቀውኛል። ድምፁም የረሳ ሰው ድምፅ አይደለም፤ ሊናገር የቆረጠ ሰው ድምፅ ነው። ብዞር ይናገሩታል። ትንሽ ቆም ብል ይናገሩታል፤ ይሁዳም ይፈርማል።

«ጀምበሩ፣ አንተ ልጅ!» አሉ ደግመው። ትዋበችም አብራ ጠራችኝ። ሁለቱ በአንድ ድምፅ ሲጠሩኝ፣ ያ ሁሉ ዘመን ስጠብቀው የኖርኩት ጥሪ ጀርባዬ ላይ አረፈ።

አልመለስኩም። እግሬን አፈጠንኩ።